ስሙ ትልቅ፣ ኋላው ልቅ፦ ያገለገለ የፍሪራይድ ሳይክል ችግርና መፍትሄ

ሲያትል አካባቢ ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ከሐበሻ ልጆች በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ «የቱ ብራንድ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፤ ያውም የሳይክሉ ኋላ ቋ ቋ ማለት ሲጀምር። ስለዚህ ከምልክቱ ልነሳ። ጎማ መንፋት፣ ካቴና ማየትና ፍሬን መሞከር ታውቃላችሁ ብዬ ዘልዬዋለሁ።

ፍሪራይድ የምለው ለዝላይ፣ ከቋጥኝ ለመውረድና ለቀጥ ያለ ቁልቁለት የተሠራውን፣ ጎማው በሾኩ ላይ ከ160 እስከ 200 ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ የሚለውን ሳይክል ነው። አነዳዱ ያደገው ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ከቫንኩቨር በላይ ባሉት ተራሮች ነው። ሲያትል አጠገብ ወዳለው የሳይክል መንጃ ጫካ፣ ዱቲ ሂል፣ የምትሄዱ ልጆች ምን እንደምል ይገባችኋል።

ስሙ የታወቀ ነው፣ ዋጋው ግን የማይታመን ርካሽ ነው

ምክንያቱ ስም ለብቻው ስለሚሸጥ ነው። ሽዊንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1895 ቺካጎ ተቋቋመ፤ ስንቱ አሜሪካዊ በልጅነቱ የነዳው እሱን ነው። በ1992 ከሰረ። በ2001 ደግሞ ከሰረና ስሙን ፓሲፊክ ሳይክል ገዛው። ዛሬ በትልልቅ መደብሮች የምታዩት ሽዊን ስሙ ያው ነው፣ ሳይክሉ ግን ሌላ ነው። ከፊትም ከኋላም ሾክ ስላለው ብቻ ፍሪራይድ አይሆንም።

መፍትሄው ፍሬሙ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ከ1 እስከ 5 ያለውን የአጠቃቀም ደረጃ መፈለግ ነው። 3 ከሆነ ዝላዩ ከ61 ሴንቲሜትር ማለፍ የለበትም። 4 ከሆነ ከ122። ለፍሪራይድ የሚሆነው 5 ነው። ደረጃ 3 ፍሬም ይዞ ሁለት ሜትር የሚዘል ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ! ፍሬም አንገቱ ጋ ሲቆረጥ ቀድሞ አይናገርም።

ኩባንያው ከስሯል አሉ፤ ልግዛ ልተው?

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለሳይክል ኩባንያዎች ከባድ ነበሩ። ሮኪ ማውንቴን በ2024 መጨረሻ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። ኮና በዚያው ዓመት ለሽያጭ ቀርቦ መሥራቾቹ መልሰው ገዙት። እንዲህ ሲሆን ወሬውን ትታችሁ የመለዋወጫውን ነገር አጣሩ። ማርሽ መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘው ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ሃንገር የምንላት፣ ዛሬ ትገኛለች ወይ? መለዋወጫ አምራቹ ስራም በ2019 ያወጣው ዩዲኤች፣ ለብዙ ብራንድ የሚሆን አንድ ወጥ ሃንገር፣ የሚገባበት ፍሬም ከሆነ ችግር የለም። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ፍሬም የየራሱ ሃንገር ነበረው። ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ፣ የአክስሉም ነገር እንዲሁ ነው። የድሮዎቹ ፍሪራይዶች ብዙ ጊዜ ከኋላ 12 በ150፣ ከፊት 20 በ110 ሚሊሜትር ናቸው፤ ጎማቸውም 26 ኢንች ነው። ሳይክሉ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ቸርኬው ሲሰበር ግን ምትክ ፍለጋ ስትንከራተቱ ወቅቱ ያልፋል።

ዋስትናንም አስቡ። ሳንታ ክሩዝ ለፍሬሙም፣ በፍሬሙ መጋጠሚያዎች ውስጥ ላለው ኩሽኔታም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ያገለገለ ስትገዙ ለስሙ ትከፍላላችሁ፣ ስሙን ያስከበረው ዋስትና ግን ሻጩ ጋ ይቀራል። ይሄን አስልታችሁ ነው ዋጋ መነጋገር ያለባችሁ።

ኋላው «ቋ» ይላል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከምቀበላቸው ያገለገሉ ፍሪራይዶች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ነው። ከውዱም ብራንድ ከርካሹም።

ኮርቻውን ይዛችሁ ሳይክሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ስታነሱት፣ ጎማው ገና መሬት ሳይለቅ፣ እጃችሁ ላይ አንዲት «ቋ» ትሰማችኋለች። ስትነዱት ደግሞ በየጉብታው ታንኳኳለች። ሻጩ «ፔዳሉ ነው» ይላል። ፔዳሉ አይደለም።

አንድ ሰው ኮርቻውን በቀስታ ከፍ ዝቅ ያድርግላችሁ። እናንተ ሾኩና ፍሬሙ የሚገናኙበት ቡሎን ላይ፣ ግማሹ ሾኩን ግማሹ ፍሬሙን እንዲነካ አድርጋችሁ ጣታችሁን አስቀምጡ። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ሁለቱ ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ ከተሰማችሁ ያለቀው የሾኩ ቡሺንግ፣ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት፣ ነው፤ እፎይ በሉ፣ ርካሹ ይሄ ነው። እዚያ ዝም ካለ ጣታችሁን ወደ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ውሰዱ። በመጨረሻ የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ጎማው ብቻውን ከተነቃነቀ ሞዞው፣ የጎማው እምብርት፣ ነው። የፍሬሙን የኋላ ክፍል ይዞ ከተነቃነቀ የፍሬሙ ኩሽኔታ አልቋል።

ለምን ያልቃል? የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ግራሶው ለሁሉም ኳስ ይዳረሳል። የፍሬም ኩሽኔታ ግን ትንሽ ሄዶ ይመለሳል፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይፈጫል። ከትልቅ ዝላይ ስታርፉ ያን ሁሉ ሸክም የሚችሉት እነዚያው ጥቂት ኳሶች ናቸው። በዚያ ላይ የሲያትል ዝናብና ጭቃ አለ። በዚያ ላይ የመኪና ማጠቢያ! እባካችሁ በግፊት ውኃ አትጠቡት። ውኃው መከላከያውን አልፎ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ከውጭ ሲታይ ሳይክሉ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ዝጓል። አዲስ ሳይክል በአንድ ክረምት እንዲህ አልቆ ፈትቼዋለሁ፤ ከኩሽኔታው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ውኃ ወረደ።

አንድ ልጅ ነበር። በየውድድሩ ስሙ የሚጠራ ብራንድ፣ ያገለገለ፣ በ2,400 ዶላር ሊገዛ ሲል «አምጣውና ልየው» ብዬው ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ብራንዱ እኮ የታወቀ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቋ አለ። ቡሎኑን አጠበቀው፣ ዝም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቋ፤ በረጅም ቁልፍ ደግሞ አጠበቀው። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ከረመ። እኔ ጋ ሲደርስ የቡሎኑ ጥርስ ተበልቷል፣ ኩሽኔታው ከነውጪ ቀለበቱ ፍሬሙ ውስጥ ሲዞር ከርሞ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል መስሏል። አዲስ ኩሽኔታ ሞከርኩ፣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ገባ። በመጫኛ ተጭኖ መግባት ያለበት ዕቃ በጣት ከገባ ያ ፍሬም አብቅቶለታል። ዋስትና የለም፣ ሁለተኛ ባለቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቢያመጣው ኩሽኔታ ቀይረን ይገላገል ነበር። ያን ቀን የልጁን ፊት ማየት ከብዶኛል። ያለቀ ኩሽኔታ በማጥበቅ አይድንም፤ ማጥበቅ ድምፁን ነው የሚደብቀው።

ሲጠገን እንዲህ ነው። የአየር ሾክ ከሆነ አየሩን አውጡና ሾኩን ፍቱ። ከዚያ የፍሬሙን ኋላ በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ሳይንገራገጭ መሄድ አለበት። አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ከጎረበጠ ኩሽኔታዎቹን ሁሉንም ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሌላውን አትተዉ። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ፤ ለምሳሌ 6902 ካለ 15 በ28 በ7 ሚሊሜትር ነው። «ማክስ» የሚባለው ዓይነት ከተገኘ እሱን ውሰዱ፤ ኳሶቹን የሚለያይ ቀፎ ስለሌለው ብዙ ኳስ ይይዛል፣ ለዚህ ሥራ ይሻላል። አስሩን በጥቂት ዶላር የሚሸጡትን ስም የለሽ ኩሽኔታዎች ግን አታምጡልኝ። ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፣ ግራሶው ለምልክት ያህል ነው የተነካው፤ ለዚያ ሁሉ ድካም ሁለት ወር አይቆዩም።

በመዶሻ አታስገቡ። በመጫኛ፣ የውጪውን ቀለበት ብቻ እየገፋችሁ። የውስጡን ከገፋችሁ አዲሱን ኩሽኔታ ሳትነዱት ገደላችሁት። ቡሎኑ ላይ ጠብታ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ፣ ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ፋብሪካው በጻፈው ልክ። በግምት አታጥብቁ።

ሁሉም ተቀይሮ አሁንም ቋ ካለ መንዳት አቁሙ። ስንጥቅ ፈልጉ። ብየዳዎቹን በአልኮል ጥረጉና በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራችሁ እዩ፤ በተለይ የዋናው መጋጠሚያ ዙሪያና የታችኛው ቱቦ አንገቱን የሚይዝበት ቦታ። አንዱ ደንበኛዬ ፀጉር የምታህል መስመር አሳይቼው «ቀለሙ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ጥፍሬን ሳስኬድባት ያዘችኝ። ቀለም ጥፍር አይዝም። «አስበይደዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። አይሆንም! የተበየደ አሉሚኒየም በፋብሪካ እሳት መልሶ ካልታከመ ብየዳው ዙሪያ ይለሰልሳል፣ የሚሰበረውም አየር ላይ ሳላችሁ ወይም ስታርፉ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ከደከመ ዲስኩን ፍሬሙና ፎርኩ (የፊቱ ሾክ) ከፈቀዱ 203 ሚሊሜትር አድርጉ። የሺማኖ ፍሬን የማዕድን ዘይት ነው የሚወስደው፣ አብዛኛው ስራም ደግሞ ዶት የሚባለውን የፍሬን ፈሳሽ፤ ከተቀላቀሉ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች ይበላሻሉ፣ ፍሬን የላችሁም። ፎርክ እግሩ ላይ ዘይት ከታየ ሲሉን፣ ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ፣ ቀይሩ። ፎርክ አምራቹ ሮክሾክስ የታችኛው እግር በየ50 የመንዳት ሰዓቱ እንዲታደስ ይላል፤ ሻጩ መቼ እንዳሳደሰ ካላወቀ አላሳደሰም ማለት ነው። ፍሬሙ ከሚፈቅደው በላይ ረጅም ፎርክ አትግጠሙ።

አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ለሚነዳ ወንድም ልትልኩ ካሰባችሁ፣ የኋላ ሾኩ ሞላ የሆነውን ምረጡ፤ ከአየሩ ያነሰ እድሳት ይፈልጋል። ስታሽጉ ሃንገሩን ከነመቀየሪያው ፍቱት፤ ጉዞ ላይ መጀመሪያ የሚጣመመው እሱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ትርፍ ሃንገር፣ የፍሬሙ ሙሉ ኩሽኔታ፣ የሾኩ ቡሺንግና የኩሽኔታ መጫኛ ጨምሩ። የየቡሎኑን የቶርክ ልክም በወረቀት ጽፋችሁ የላይኛው ቱቦ ላይ ለጥፉለት።