የድሮ መስል ካርህን ይዘህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድራግ ስትሪፕ ስትሄድ፦ እቃ ከማዘዝህ በፊት

እሺ፣ በ60ዎቹ መጨረሻ ወይ በ70ዎቹ መጀመሪያ የተሰራች ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) መኪና አለችህ እንበል፣ ሼቬል በላት ካማሮ በላት ሙስታንግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ከጋራዥ ምትወጣ፣ እና አሁን ኳርተር ማይሉን (400 ሜትር ገደማ) በስንት ሰከንድ እንደምትጨርስ ማወቅ አማረህ። ብዙው ሰው እዚህ ጋ ሚያረገው ኦንላይን ገብቶ ካምሻፍት (ካም፣ ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ)፣ ኢንቴክ፣ ትልቅ ካርቡራተር ማዘዝ ነው። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ መኪናዋን እንዳለች ድራግ ስትሪፕ፣ ማለትም ቀጥታ መሮጫ ትራክ ውሰዳት፣ ሩጥና ሰዓትህን ጽፈው ሚሰጡህን ወረቀት ይዘህ ና፣ ብርህ የት መግባት እንዳለበት ወረቀቱ ራሱ ይነግርሃል። ከዚህ በታች የጻፍኩት በሼቪ 350 (የሼቭሮሌ ቪ8 ሞተር) እና በሆሊ ካርቡራተር ምሳሌ ነው፣ የፎርድና የሞፓር (ክራይስለር፣ ዶጅ) ሰዎች ቁጥሩ ትንሽ ይለይባችኋል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

የት ትሮጣለህ? መንገድ ላይ አይደለም፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ዋሊ ፓርክስ በ1951 የአሜሪካውን የድራግ ውድድር ማህበር ኤንኤችአርኤን ሲያቋቁም ዋናው ነገር ልጆቹን ከመንገድ ላይ አንስቶ ህግና አምቡላንስ ያለበት ቦታ ማምጣት ነበር። እኛ ዲሲ አካባቢ ላለን ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አለ፣ ወደ ደቡብ በድስ ክሪክ ነው። ምትፈልገው ቀን "ቴስት ኤንድ ቱን" ሚሉት ነው፣ ውድድር የለም፣ ከፍለህ ትገባለህ፣ መኪናህ ይፈተሻል፣ ሰልፍ ይዘህ ትሮጣለህ። ፍተሻውን ካለፈ ካምሪም ይሮጣል፣ እና ኡበር ሚሰራባትን ይዞ ሚመጣ ሰው ብታይ አትሳቅበት።

ፍተሻው ብዙ ሰው ሚያስፈራው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ባትሪው በደንብ መታሰር አለበት፣ በላስቲክ ገመድ ያሰርከውን አይቀበሉህም። ነዳጅ መስጫውን ሚመልስ ስፕሪንግ ይኑር፣ የጎማ ዳዶዎቹ ሁሉም በቦታቸው ይኑሩ፣ የቸርኬ ሽፋን ካለ ይነቀል፣ ራዲያተሩ ሲፈላ ውሃው መሬት ላይ እንዳይፈስ ግማሽ ሊትር ገደማ ሚይዝ ማጠራቀሚያ ይኑር። ከቻልክ ደሞ አንቱፍሪዙን አውጥተህ ንጹህ ውሃ ሙላ፣ ትራክ ላይ ከፈሰሰ በጣም ያንሸራትታል፣ እሱን ለማጽዳት የሁሉም ሰው ማታ ይበላሻል። ኳርተር ማይሉን በ13.99 ሰከንድ እና ከዛ በታች ምትሮጥ ከሆነ ሄልሜት ግዴታ ነው፣ 11.49 እና ከዛ በታች ከሆነ ሮል ባር (መኪናዋ ብትገለበጥ ሚጠብቅህ የብረት ቱቦ)፣ ጣራዋ ተከፋች ከሆነች ደሞ ሮል ባሩ ከ13.49 ጀምሮ ነው። ሄልሜቱ የስኔል ወይ የኤስኤፍአይ (የደህንነት ደረጃ ሚያወጡ ድርጅቶች) ምልክት ያለው መሆን አለበት፣ ሳትገዛ በፊት የትኛውን ዓመት እንደሚቀበሉ የትራኩን ህግ እይ። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ትተህ ና። ከኋላ የሻንጣ ቦታው ውስጥ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ያንን ከርሞ ያላወጣኸውን እቃ ሁሉ ቤት ተወው፣ 100 ፓውንድ ከቀነስክ አንድ አስረኛ ሰከንድ ገደማ በነጻ አገኘህ ማለት ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ወደምትሰራው እንምጣ፣ ዋናው እዚህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ነዳጁን እስከ ወለል ይርገጥልህ፣ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ የአየር ማጣሪያውን አንሳና ካርቡራተሩ ውስጥ ተመልከት። አየር ሚያስገቡት ሳህኖች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው (የኋላዎቹ በቫክዩም ሚከፈቱ ከሆነ የፊቶቹ ብቻ)። በብዙ አሮጌ መኪና ላይ አይቆሙም! ገመዱ ላልቷል ወይ ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞታል፣ ባለቤቱ ለዓመታት ሶስት አራተኛ ነዳጅ እየረገጠ "ፉል ነው የሰጠሁት" ይላል። አምስት ደቂቃ ማይፈጅ ስራ ነው፣ ዋጋውም ባዶ።

ቀጥሎ ታይሚንግ፣ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ ካንዴላው እንደሚለኩስ። አብዛኛው መካኒክ ሚኒሞ ላይ ለክቶ ይተወዋል፣ ላንተ ግን ሚያስፈልግህ ቶታሉ ነው፣ ማለትም ሞተሩ 3,000 ዙር ላይ ሲደርስ ስንት ዲግሪ እንደሆነ። ዲስትሪቢውተሩ ላይ ያለውን የቫክዩም አድቫንስ ቱቦ ነቅለህ ጫፉን ድፈን፣ ታይሚንግ ላይቱን ያዝና ሰው ዙሩን ከፍ ያርግልህ፣ የቆየ የብረት ሄድ ያለው 350 ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ላይ ደስ ይለዋል። ከ34 ጀምር። ነዳጅ ስትሰጥ የመንኳኳት ድምጽ ከሰማህ ወዲያው ሁለት ዲግሪ መልስ፣ በተለይ እንደ 1970ው የሼቪ ኤልቲ-1 ኮምፕረሽኑ 11 ለ 1 የሆነ ሞተር ካለህ የዛሬው 93 ኦክቴን ራሱ ላይበቃው ይችላል። ለክተህ ስትጨርስ ቱቦውን መልሰህ ሰካ፣ መንገድ ላይ ስትነዳ ያስፈልግሃል፣ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጥ ግን ቫክዩም ስለማይኖር ምንም ለውጥ የለውም። እጅጌህን ሰብስብ ደሞ፣ ቬንትሌተሩ አጠገብ ነው ምትቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ብዙ ሰው ያታልላል። ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ባላንሰር ሁለት ብረት መሀል ላስቲክ ያለበት ነው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ላስቲኩ ይሞትና ውጪኛው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። አንተ 34 ነው ትላለህ፣ ሞተሩ ግን 42 ላይ ነው ያለው። ፒስተን ስቶፕ ሚባል በካንዴላ ቀዳዳ ሚገባ ርካሽ እቃ አለ፣ ባትሪውን ፈትተህ፣ በሱ ሞተሩን በእጅ በቀስታ ወዲህና ወዲያ እያዞርክ ሁለቱን መቆሚያ ምልክት አርግ፣ የሁለቱ መሀል እውነተኛው ዜሮ (ፒስተኑ ጫፍ ሚደርስበት) ነው። የተንሸራተተ ከሆነ ባላንሰሩን ቀይር፣ ሌላ መላ የለውም።

ካርቡራተሩ ላይ ብዙ አትነካካ። ነዳጁ ገንዳው ውስጥ በትክክለኛው ከፍታ ይሁን፣ ሆሊ ላይ ጎኑ ያለውን ቡሎን ስትፈታ ነዳጁ የቀዳዳውን ታችኛ ጠርዝ ገና ነካ ሲያረግ ነው ትክክሉ (ሲጋራ ያለው ሰው አጠገብህ አይቁም)። ነዳጅ መስጫውን ነካ ስታረግ ፓምፑ ወዲያው መርጨት አለበት፣ ቆየት ብሎ ከረጨ ስትነሳ ሞተሩ ይታነቃል። ቫክዩም ሰከንደሪ ያለው (የኋላዎቹ አፎች በሞተሩ ቫክዩም ሚከፈቱበት)፣ እንደ ሆሊ 3310ሩ 750 ማለት ነው፣ ከሆነ የኋላዎቹ ሁለት አፎች ጭራሽ መከፈታቸውን ለማወቅ የወረቀት ክሊፕ ዘንጉ ላይ አስገብተህ ወደ ላይ ገፋ አርገውና ሩጥ፣ ስትመለስ ክሊፑ ወደ ታች ወርዶ ታገኘዋለህ ወይ እንዳለ ነው። እንዳለ ከሆነ ቀለል ያለ ስፕሪንግ አስገባ። ጀት (ነዳጁ ሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ) መቀየር ካለብህ ሁለት ሁለት ቁጥር ሂድ እና ፍርዱን በማይል ስፒዱ (መጨረሻው ላይ ባለህ ፍጥነት) ስጥ። በጆሮህ አትፍረድ፣ ማርሚታ የሌለው መኪና ሁሌ ፈጣን ይመስላል።

ትራኩ ላይ ስትደርስ ሞተር ዘይትህን እይ፣ የፊት ጎማ ጎማው ላይ ከተጻፈው ሳታልፍ ጠንከር አርገህ ንፋ፣ የኋላውን ቀንስ። ተራ የመንገድ ጎማ ከሆነ ከ25 ፒኤስአይ ብዙ አትውረድ፣ ድራግ ራዲያል (ለድራግ የተሰራ ለስላሳ ጎማ) ከሆነ 20 አካባቢ ጀምርና አንድ አንድ እየቀነስክ ሞክር። ጎማ አሽከርክሮ ለማሞቅ ውሃ የፈሰሰበት ቦታ ጋ ስትደርስ የመንገድ ጎማ ያለህ ሰው በጎን ዞረህ እለፍ፣ ጥርሱ ውሃውን ይዞ መነሻ መስመር ላይ ያፈሰዋል፣ ከኋላህ ያለውም ይረግምሃል። ድራግ ራዲያል ያለህ ደሞ ከውሃው ወጣ ብለህ ጢስ ማየት ስትጀምር በቃ፣ አቁም። ግማሽ ደቂቃ ሚያጨሱት ለካሜራ ነው።

መነሻው ላይ "ዛፉ" ሚሉት የመብራት ምሰሶ ከላይ ሁለት ትንንሽ መብራት አለው። የመጀመሪያው ቀረብክ ይልሃል፣ ከዛ 7 ኢንች ገደማ በኤሊ እርምጃ ስትጠጋ ሁለተኛው ይበራል፣ እንደበራ እዛው ቁም፣ አንድ ኢንች አትጨምር። ለምን ካልክ ሰዓቱ መቁጠር ሚጀምረው የፊት ጎማህ መነሻው ላይ ያለውን የብርሃን ጨረር ለቆ ሲወጣ ስለሆነ፣ ትንሽ መንከባለያ ካለህ ቁጥርህ ያምራል። ከዛ ሶስቱ ብጫዎች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ። አረንጓዴውን ከጠበቅክ አርፍደሃል፣ ሶስተኛው ብጫ ሲበራ ነው ምትለቀው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለህ ሰው በግራ እግርህ ፍሬን ይዘህ ዙሩን ጎማው ሳይገፋ እስከቻለው አምጣው። ፍሪሲዮን ያለህ ደሞ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ባለ ዙር አትልቀቅ፣ የኋላ አክስልህንና ካርዳንህን አስብላቸው።

ስትጨርስ ቀስ ብለህ ያዝ፣ ሌላኛው መኪና የት እንዳለ ሳታይ ሌይን እንዳታቋርጥ፣ መመለሻው ላይ ካለችው ትንሽ ቤት ወረቀትህን ተቀበል። ብዙ ሰው የታችኛዋን ቁጥር ብቻ አይቶ ለጓደኞቹ ፎቶ ይልካል። ተረጋግተህ ከላይ ጀምር። አር/ቲ ምትለው ያንተ ነች፣ ለመነሳት የፈጀብህ፣ ኢቲው (የሩጫው ሰዓት) ውስጥ አትቆጠርም፣ ስለዚህ ተኝተህ ብትነሳም መኪናዋ ቁጥሯን አታጣም። ቀጥሎ 60 ፉት (የመጀመሪያው 60 ጫማ የፈጀብህ ሰከንድ)፣ ወረቀቱ ላይ ከሁሉም በላይ ምወዳት እሷን ነው። የመንገድ ጎማ ያላት ሼቬል 2.3 አካባቢ ብትሰጥህ አይግረምህ፣ ጥሩ ጎማና ትንሽ ስራ ከ2.0 በታች ያወርዳታል። እዛ የቀነስካት አንድ አስረኛ መጨረሻው ላይ አንድ ተኩል ወይ ሁለት አስረኛ ሆና ትመጣለች። የመጨረሻው ማይል ስፒድ ደሞ የሞተሩን ጉልበት ነው ሚነግርህ።

ሁለቱን አንድ ላይ አንብብ። 100 ማይል እያለፍክ 14.6 ከሮጥክ ሞተርህ ምንም አልሆነም፣ በዛ ስፒድ 13 ተኩል አካባቢ መምጣት ነበረብህ፣ ጎማህ ባዶውን ሲሽከረከር ነው አንድ ሰከንድ የጠፋው። እና ያንተ ሰው አሁን ሄዶ ካም ይገዛል! ጉልበት ጨምሮ የባሰ ሊሽከረከር። በተቃራኒው 60 ፉትህ ቆንጆ ሆኖ ማይልህ 90 ከሆነ ያኔ ወደ ታይሚንጉና ካርቡራተሩ ተመለስ፣ እነሱ ካለቁ በኋላ ነው የካም ወሬ ሚነሳው።

ጎማው እምቢ ላለ ሼቬል በጣም ርካሹ መፍትሄ የቀኝ የኋላ ስፕሪንግ ውስጥ ሚገባ የአየር ከረጢት ነው። ሞተሩ ሲጎትት ሰውነቷን ወደ ቀኝ ኋላ ይጫናታል፣ ከረጢቱ እሱን ይሸከምና ሁለቱም ጎማ እኩል ይረግጣል። ባሌስትራ ላላቸው ካማሮና ሙስታንግ ትራክሽን ባር ይገባል፣ ባሌስትራው ሲጠማዘዝ ነው የኋላው ሚዘለው። ዲፈረንሻልህ አንድ ጎማ ብቻ ሚያዞር ከሆነ ግን ከረጢትም ባርም አያድንህም፣ ፖዚትራክሽን (ሁለቱንም ጎማ ሚያዞር ዲፈረንሻል) ያስፈልግሃል። የዲፈረንሻሉን ጥርስም ስታወጣ እየው፣ ከፋብሪካ 3.08 (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ ሚዞረው) ይዛ የወጣች መኪና 3.73 ቢገባላት ሌላ መኪና ነው ምትሆነው፣ ሀይዌይ ላይ ግን ጆሮህን ትበላዋለች፣ ምርጫው ያንተ ነው።

በአንድ ሩጫ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ጀትም ታይሚንግም የጎማ አየርም በአንዴ ነክተህ ሁለት አስረኛ ብታገኝ ማንኛው እንደሰጠህ በምን ታውቃለህ? ወረቀቱ ጀርባ ላይ የቀየርከውን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን ጻፍ። በሩጫዎች መሀል ኮፈኑን ክፈት፣ ሁሌም ሞተሩ ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሲሆን ተሰለፍ፣ አለዛ ምታወዳድረው ሙቀት ነው። አየሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ የነሐሴ ወበቅ ላይ የሮጥክበትን ከጥቅምት ማታ ጋር አታወዳድር። ከፍታማ ቦታ ላይ ደሞ ይብሳል፣ ዴንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር፣ በ2023 የተዘጋው፣ 5,800 ጫማ ላይ ስለነበር መኪናው ሁሉ እዛ ይዘገይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ካርቡራተር ያለው መኪና የነዳ ሰው ይሄ አይጠፋውም፣ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጀቱን ማሳነስ ነው።

ቁጥርህ መደጋገም ሲጀምር፣ ማለትም ሶስት አራቴ ስትሮጥ ልዩነቱ ጥቂት መቶኛ ብቻ ሲሆን፣ ብራኬት ሞክር። መስታወቱ ላይ እሮጣለሁ ያልከውን ቁጥር ትጽፋለህ፣ ቀርፋፋው መኪና በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይነሳል፣ ከጻፍከው በታች ከሮጥክ ትወድቃለህ። ስለዚህ 15 ሰከንድ ምትሮጥ አሮጌ መኪና 10 ሰከንድ ምትሮጠውን ታሸንፋለች፣ እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ ሚያስቅ ነገር አላየሁም።

ወደ ቤት ከመነሳትህ በፊት የኋላ ጎማህን አየር መልሰህ ሙላ፣ ዳዶዎቹን በቁልፍ አንዴ ዙርባቸው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ብቻ ከሆነ ደሞ ብርዱ ሳይገባ አንቱፍሪዙን መልስ።