ህግ ልማር ከማለታችሁ በፊት ሂሳቡን እንዲህ ስሩት (ለወሎ ልጆች)

የ12ኛ ክፍል ውጤት በመጣ ቁጥር ከደሴም ከወልድያም ከከሚሴም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ "ህግ ብገባ ያዋጣኛል?" ያዋጣል አያዋጣም ብዬ አልፈርድም፣ እንዴት እንደሚሰላ ግን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ቤተሰብ "መንግስት ነው የሚያስተምራት፣ ነፃ ነው" ብሎ ይዘጋዋል፣ ነፃ ደግሞ አይደለም። ከዛ ትምህርቱ ራሱ ምን እንደጎደለውና እናንተ እንዴት እንደምትሞሉት እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ (ወጪ መጋራት) አለ። ደንቡ ላይ እንዳለው የምግብና የዶርም ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ነው የሚሸፍነው፣ ስራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ። ፎርሙን ስትፈርሙ ኮፒውን አስቀምጡት እሺ፣ ዶርም ሳትገቡ ከውጭ እየተመላለሳችሁ ከተማራችሁ ደግሞ በትክክል መሞላቱን እዩ፣ በኋላ ኦርጅናል ዲግሪ ላውጣ ስትሉ ክሊራንስ ትባላላችሁ፣ ያኔ ያልበላችሁት ምግብ ተቆጥሮባችሁ ብታገኙት ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ክስ ነው።

ግን እሱ ትንሹ ነው። አሜሪካ ውስጥ የህግ ትምህርት ይሻሻል የሚለው ጩኸት ዋናው ምክንያት እዳ ነው፣ ሰው መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይይዝና ከዛ 3 ዓመት ህግ ይማራል፣ ኦባማ ራሱ ህግ የተማረ ሰው ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. 2 ዓመት ይበቃል ብሎ ነበር። እኛን ግን ከእዳው በላይ የሚበላን እድሜ ነው። ህግ 5 ዓመት ነው፣ ብዙዎቹ የሶሻል ትምህርቶች 4። ከዛ መውጫ ፈተና፣ ከዛ ስራ ፍለጋ፣ ጠበቃ ልሁን ካላችሁ ደግሞ በተመረቃችሁ ማግስት ካባ ለብሳችሁ ችሎት አትቆሙም፣ የስራ ልምድም ፈተናም አለ። የፌዴራሉ ፈቃድ በአዋጅ 1249/2013 ነው የሚሄደው የክልሉ በክልሉ ህግ፣ ስለዚህ ደሴ ላይ ልትሰሩ አስባችሁ የአዲስ አበባውን መስፈርት ብቻ አንብባችሁ አትዘናጉ።

ስለዚህ ወረቀት አውጡ። የአንድ ዓመት የኪስ፣ የትራንስፖርት፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ የኢንተርኔት ካርድ ደምሩና በ5 አባዙት። እላዩ ላይ ጓደኛችሁ በ4 ዓመት ተመርቆ ደሞዝ በሚበላበት በዛች 1 ዓመት የሚያገኘውን ጨምሩ። ከምርቃት በኋላ ደግሞ ገቢ የሌለበት ጊዜ እንዳለ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስንት ወር እንደሆነ አምና የተመረቁትን ጠይቁ። በሌላው በኩል የሚገባውን ፃፉ፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው፣ ሁሉም ሄዶ የሚጠይቀው ደሴ ላይ ስም ያለውን ትልቅ ጠበቃ ነው። እሱን አትጠይቁ! የወረዳ ፍርድ ቤት አዲስ ዳኛ፣ የወረዳ ዐቃቤ ህግ፣ የባንክ ነገረ ፈጅ፣ እነዚህን "ተቆራርጦ እጅህ ላይ ስንት ይደርሳል" በሏቸው። ዳኛ ደግሞ ሳይንትም ቦረናም (የደቡብ ወሎዎቹ ወረዳዎች) ሊመደብ ይችላል፣ የቤት ኪራዩን አትርሱት።

በግል ኮሌጅ ወይም በማታ ከፍላችሁ ለምትማሩ ሂሳቡ ይከብዳል። በ2015 መውጫ ፈተና በሁሉም ትምህርት ሲጀመር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ አካባቢ ናቸው፣ ይሄ የሁሉም ዲፓርትመንት ድምር ነው የህግ ብቻ አይደለም፣ ቢሆንም ሳትመዘገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ለህግ ፕሮግራሙ፣ ለዛው ካምፓስ፣ ፈቃድ አላችሁ ወይ፣ ያለፈው ባች ስንቱ ተፈትኖ ስንቱ አለፈ። "እሱ ይስተካከላል አብሽሩ" ካሏችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የህግ ትምህርት ይሻሻል ማለት እኛም ጋ አዲስ አይደለም፣ በ1998 ትልቅ ሪፎርም ተደርጎ 5 ዓመቱም ኤክስተርንሺፑም (ፍርድ ቤት ወይም ቢሮ ወጥቶ መለማመዱ) መውጫ ፈተናውም የመጣው ከዛ ነው፣ የህግ ተማሪ መውጫ ፈተና መፈተን የጀመረው ሌላው ሳይጀምር በ2003 ነው። ግን አንድ ነገር ቀረ። ክላሱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ፣ ከሚሴ፣ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሄዳችሁ ደግሞ በኦሮምኛ። 5 ዓመት ተምሮ አንድ ገፅ ክስ በአማርኛ መፃፍ የሚያቅተው ምሩቅ ሞልቷል፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው የህግ ጉዳይ ፀሐፊ ይበልጠዋል ወላሂ። ባለጉዳይ ደግሞ የሚከፍለው ለዛች ገፅ ነው። በኔ እምነት ሪፎርም የሚሉት ሰዎች ከአማርኛ ክስ አፃፃፍ ቢጀምሩ ይሻል ነበር፣ ካሪኩለም ሲከለስ ግን የሚጨመረው ሁሌ ሌላ ንድፈ ሀሳብ ነው።

እነሱን አትጠብቁ። ከ2ኛ ዓመት ጀምሮ የህግ ኮዶቹን (የፍትሐብሔሩን፣ የስነስርዓቱን) በአማርኛም ያዙ፣ እንግሊዝኛውን ያነበባችሁትን አንቀፅ እዛው አማርኛውን እዩ። የፍትሐብሔር ስነስርዓት ህግ ቁጥር 222 እና 223ን ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ ምን አብሮ መያያዝ እንዳለበት ስለሚናገሩ በቃላችሁ ያዟቸው፣ ከዛ የሰፈር ሰው ታሪክ ስትሰሙ ወደ ክስ ቀይራችሁ ፃፉት፣ ለልምምድ። ችሎት ክፍት ነው፣ ወረዳም ከፍተኛም ሂዳችሁ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ ዳኛው "ክስህን አሻሽለህ አቅርብ" ሲል ለምን እንዳለ ለማወቅ ሞክሩ። የሰበር ችሎት (የመሰረታዊ የህግ ስህተት አራሚው የመጨረሻ ችሎት) ውሳኔ ቅፆች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ የሰበር የህግ ትርጉም ከ1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፣ እና ብዙ ተማሪ አንድ ቅፅ ሳይጨርስ ይመረቃል።

የወሎን ገበያ እወቁ ደግሞ። ክላስ ላይ የሚሰጠው የቤተሰብ ህግ ባብዛኛው የፌዴራሉ ነው፣ አዋጅ 213/1992፣ ደሴ ወይም ሐይቅ ላይ ለፍቺ የሚመጣ ሰው ግን የሚዳኘው በአማራ ክልሉ የቤተሰብ ህግ በአዋጅ 79/1995 ነው። የገጠር መሬት ላይም የክልሉ 252/2009 አለ፣ ገጠር ላይ የመሬት ክርክር ነው የሚበዛው፣ እሱን ሳታውቁ ቢሮ መክፈት አይሆንም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ለመስራት ካሰባችሁ የአሰሪና ሰራተኛውን 1156/2011 በደንብ። አረብ ሀገር ሰርታ የላከችው ብር በወንድም ስም ቤት ሆኖ ያገኘችው እህት ጉዳይማ የማይሰማበት ሰፈር የለም፣ እዛ ላይ ውል፣ ውክልና፣ የባንክ ደረሰኝ ማስረጃነት እወቁ።

ሌላው፣ እኛ ጋ ነገር ሁሉ ፍርድ ቤት አያልቅም፣ ሽማግሌ አለ፣ አባ ጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) አለ፣ ሁለቱም ወገን ከፈቀደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። አንዳንድ ወጣት ጠበቃ ይሄን ገበያ የሚቀማ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ስራ ነው የማየው፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ተጀምሮ በእርቅ ሲያልቅ ስምምነቱን አስተካክሎ የሚፅፍና በስነስርዓት ህጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሰረት መዝገብ ላይ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል፣ በደንብ ያልተፃፈ እርቅ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ክስ ይሆናል።

ኤክስተርንሺፕ ላይ ምርጫ ከተሰጣችሁ ትልቅ ቢሮ አትምረጡ፣ ፎቶ ኮፒ ስታነሱ ታልቃላችሁ። መዝገብ የሚበዛበት ወረዳ ፍርድ ቤት ሂዱ፣ ከተቻለ ሬጅስትራሩ (መዝገብ የሚቀበለው ሰራተኛ) ጋር ተጠጉ፣ የትኛው ክስ ለምን እንደሚመለስ ከሱ በላይ የሚያይ የለም። ትምህርት ቤታችሁ ነፃ የህግ ድጋፍ ማዕከል ካለውም ገና 3ኛ ዓመት ላይ ተመዝገቡ፣ 5ኛ ዓመት ላይ ሁሉም ለሰርተፍኬት ብሎ ሲሰለፍ ባለጉዳይ አይደርሳችሁም።