ሰው ሰብስቦ ወደ አላስካ፦ የሚያስተምር የቡድን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል

አላስካን በአምስት ቀን "ጨርሶ" መምጣት የሚፈልግ ቡድን አይጠፋም። ጠዋት አንድ ከተማ፣ ከሰዓት ሌላ፣ በመሃል ፎቶ። ሲመለሱ "ምን አያችሁ?" ብትሏቸው ስልካቸውን ያወጣሉ። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። የማኅበረሰብ ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የዘመድ ስብስብ ሆናችሁ፣ ሃያ ገደማ ሰው ይዛችሁ፣ ድብና የበረዶ ግግር ያለበት አገር ሄዳችሁ አንድ ነገር በደንብ አውቃችሁ የምትመለሱበት ጉዞ። አላስካን የመረጥኩት አሜሪካ ላለው ሐበሻ ስለሚቀርበው ነው። ከሲያትል አንኮሬጅ የሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ ነው።

1. ከትኬት በፊት ጥያቄ

ቡድኑን ሰብስቡና አንድ ጥያቄ ምረጡ። "የበረዶ ግግር ለምን ይሸሻል?" ሊሆን ይችላል። ወይም "ድብና ሰው አንድ መሬት ላይ እንዴት ይኖራሉ?" አንድ ይበቃል። ጥያቄው ከታወቀ የት እንደምታድሩ፣ ምን ዓይነት አስጎብኚ እንደምትፈልጉ፣ ምኑን እንደምትተዉት ራሱ ይነግራችኋል። ጥያቄ የሌለው ቡድን የሻጩን ፓኬጅ ነው የሚገዛው።

2. መንገዱን አሳጥሩ

ካርታ ላይ አላስካን አትመኑት፤ ቦታው ሰፊ ነው። ለአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ በቂ ነው። አንዱ ሲዋርድ ነው፣ ከአንኮሬጅ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኪናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው፤ ባሕርና የበረዶ ግግር እዚያ ነው ያለው። ሁለተኛው ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከአንኮሬጅ በስተሰሜን 380 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዱር እንስሳት አገር። ሁለቱም ጋ በመኪናም በባቡርም ይኬዳል። ሲዋርድ ሦስት ሌሊት፣ ዴናሊ ሦስት ሌሊት እደሩ። ሦስተኛ ቦታ ልጨምር የሚል ሰው ይኖራል። እንቢ በሉት።

3. ወቅቱ

ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው የሚሠራው። ጁን ላይ አንኮሬጅ 19 ሰዓት ያህል ብርሃን አለ። ጁንና ጁላይ ትንኝ ይበዛል። ኦገስት ዝናብ ይጨምራል፣ ግን ትንኙ ይቀንሳል፣ የዴናሊ ሜዳም ወደ መጨረሻው መቅላት ይጀምራል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ጿሚ ካለ ለጀልባውና ለሆቴሉ ከወዲሁ ንገሩ። "ሥጋ የለውም" ሲሏችሁ አትርኩ፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም እንደማይገባበት በግልጽ ጻፉላቸው። ሙስሊም ተጓዦች ካሉ ደግሞ ጁን መጨረሻ ላይ አንኮሬጅ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ የመግሪብና የኢሻን ነገር ከኢማማቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

4. ወረቀት

ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አንኮሬጅ በቀጥታ ከበረራችሁ የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ሪል አይዲ የሚባለው መታወቂያ ይበቃል። በመርከብ ወይም በመኪና ከሆነ ግን ካናዳ መሃል ትገባለች። ከሲያትል የሚነሱ የሽርሽር መርከቦች እንኳ ካናዳ ወደብ ላይ ይቆማሉ። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያለ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ድንበር የሚያሻግር መንገድ አትምረጡ። ቢያንስ ጠበቃውን ሳያማክር አይሂድ። "መርከቡ ላይ ነኝ እኮ፣ አልወርድም" የሚለው ነገር አያዋጣም።

ያለ ወላጅ የሚመጣ ልጅ ካለ በጽሑፍ የተፈረመ የወላጅ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ካርድ ቅጂና የአለርጂ ዝርዝር ያዙ። ስልክ ላይ ብቻ አይደለም፣ በወረቀትም። ኔትወርክ የማይሠራበት ቦታ ትደርሳላችሁ።

5. አስጎብኚው

ገንዘባችሁን ከየትም ይልቅ እዚህ ላይ አውጡ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተለውን ጠይቁ።

ፓርኩ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ አላችሁ? ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በክፍያ ቡድን የሚመራ ሁሉ ከፓርኩ አገልግሎት የንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። "አለን" ካሉ ይላኩላችሁ። በረዶ ላይ ስንወጣ ለአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ነው? ከከተማ ርቆ ለሚደርስ አደጋ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነው ማነው? ሳተላይት ስልክ አላችሁ? በአየር ጠባይ ምክንያት ጀልባው ባይወጣ ገንዘቡ ይመለሳል?

ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠይቀው አለ፦ "የ14 ዓመት ልጅ በረዶው ለምን ሰማያዊ ሆነ ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?" መልሱን ስሙ። ጥሩ አስጎብኚ ዓይኑ ይበራል። ዝም ብሎ መኪና የሚነዳ ደግሞ "ዌብሳይታችን ላይ አለ" ይላል።

ከእናንተ በኩል አንድ ሰው አስተርጓሚ ይሁን። እናቶችና አባቶች እንግሊዝኛውን ቢሰሙም በሞተር ድምፅ መሃል ግማሹ ያመልጣቸዋል።

6. ሻንጣ

ጥጥ ልብስ ይቅር። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። ከውስጥ ስስ ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከመሃል ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጁላይም ቢሆን ጓንትና ኮፍያ ያዙ፤ ከግግሩ ላይ የሚወርደው ንፋስ ይቆርጣል። ሌሊቱ ስለማይጨልም የዓይን መሸፈኛ ጨምሩ። ለሁለት ሰው አንድ ባይኖኩላር።

የድብ መከላከያ ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። አንኮሬጅ ስትደርሱ ግዙ ወይም ተከራዩ፣ አጠቃቀሙንም አስጎብኚው ያሳያችሁ።

7. ሲዋርድ፦ የሸሸውን በረዶ መከተል

ወደ ሲዋርድ ስትሄዱ መንገዱ ተርንአጌይን አርም የሚባለውን የባሕር ክንድ ተከትሎ ነው። ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ ይታያል። ለጥ ያለ፣ የሚራገጡበት ሜዳ ይመስላል። ማንም እንዳይረግጠው። እግር ከያዘ አይለቅም፣ ማዕበሉ ደግሞ ይመለሳል። ልጆች ካሉ ይህን ከመኪና ሳይወርዱ ተናገሩ።

ኪናይ ፊዮርድስ ፓርክ ውስጥ በመኪና የሚደረስበት ቦታ ኤግዚት ግግር ብቻ ነው። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ግግሩ የሚወርደው ሃርዲንግ ከሚባለው የበረዶ ሜዳ ነው፤ ሜዳው 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ የጣናን ግማሽ ያህል ማለት ነው። ወደ 40 የሚጠጉ ግግሮች ከእሱ ይፈሳሉ።

እዚህ አትሩጡ፤ ግማሽ ቀን ስጡት። በመንገዱና በእግር መሄጃው ዳር ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች አሉ፦ 1917፣ 1926፣ 1951፣ 2005፣ 2010። በዚያ ዓመት የበረዶው ጫፍ እዚያ ነበር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓመት ስጡት። በዚያ ዓመት አገር ቤት ምን እንደነበር ቀድሞ አጥንቶ ይምጣ፣ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ይናገር። 1917 ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ነው። 1951 ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰበት። ቁጥሩ ብቻውን ለልጅ ምንም አይለውም። "አያትህ ሲወለዱ በረዶው እዚህ ጋ ነበር" ሲባል ግን ዞሮ ያያል። ከአንዱ ምልክት እስከ ቀጣዩ በእርምጃ ይቁጠሩ፣ እርምጃውን በመካከሉ ላሉት ዓመታት ያካፍሉ። የሽሽቱን ፍጥነት ራሳቸው አሰሉት ማለት ነው።

ዛፎቹንም አሳዩአቸው። ከመኪና ማቆሚያው ጋ ረጃጅም ዛፍ ነው። ወደ ግግሩ ስትጠጉ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሣርና የድንጋይ ሽበት፣ በመጨረሻ ባዶ ድንጋይ። በረዶው በቅርብ የለቀቀው መሬት ገና አፈር አልያዘም። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ጭረቶች በጣታቸው ይንኩ፤ በረዶው ከሥሩ ድንጋይ ይዞ ሲንሸራተት የፋቀው ነው። ፍቆ ያደቀቀው ዱቄት ደግሞ ወንዙን ግራጫ ያደርገዋል። ሰማያዊነቱ? የተጨመቀ በረዶ አየሩ ወጥቶለታል፣ የብርሃኑን ቀይ ክፍል ይውጣል፣ ሰማያዊውን ይለቃል።

እዚህ ጋ የባሌን ነገር ማንሳት ግድ ነው። የሳነቲ አምባም በአንድ ወቅት የበረዶ ግግር ነበረበት። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ኖረዋል፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፣ በረዶውም ከበላያቸው ነበር። ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ግግር የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው። "በረዶ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ልጅ ካለ ይህን ንገሩት።

ጉልበት ያላቸው ጎልማሶች ሃርዲንግ ሜዳ ድረስ ሊወጡ ይችላሉ። ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱ ቀልድ አይደለም፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ሌላው ሰው ታች ይቆይ። ማንም ቢሆን ከማስጠንቀቂያው ምልክት አልፎ ግግሩ ሥር አይቁም፤ በረዶ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

በማግስቱ ጀልባ። ሁለት ዓይነት አለ። አጭሩ የወደቡ ባሕር ሰላጤ ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ነው ባሕር ላይ የሚያልቀው ግግር ጋ የሚደርሰው። ረጅሙን ያዙ። ክፍት ባሕር ላይ ሲወጣ ግን ይንጣል፤ የማቅለሽለሽ ክኒን የሚወስድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ። ካመመው በኋላ ብዙም አይረዳም።

ግግሩ ፊት ካፒቴኑ ሞተር ሲያጠፋ ሁሉም ዝም ይበል። በረዶ ሲገነጠል መጀመሪያ ታያላችሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ልጆች ሰከንድ ይቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ የሚመስለው ግድግዳ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል። ተንሳፋፊው በረዶ ላይ የተኙ ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ በባይኖኩላር ተመልከቱ፤ ሃርበር ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ናቸው፣ ግልገላቸውን እዚያ ያሳድጋሉ። ኦርካ የሚባለው አዳኝ የባሕር እንስሳ በቀላሉ አያገኛቸውማ።

8. ዴናሊ፦ መጠበቅን መማር

ይህ ፓርክ በ1917 ሲቋቋም ዋናው ሐሳብ ነጩን የተራራ በግ፣ ዳል በግን፣ ከአዳኝ ማዳን ነበር። ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ አንድ ነው፣ 148 ኪሎ ሜትር። በሰመር የግል መኪና የሚገባው እስከ 24ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ። አስጎብኚ የሚናገርበት አለ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነና መውረድ መሳፈር የሚቻልበትም አለ። ለትልልቅ ልጆች ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እንስሳ ያየ ሰው "አቁም!" ይላል፣ ሾፌሩ ያቆማል። ሁሉም ጠባቂ ይሆናል።

ከኦገስት 2021 ወዲህ መንገዱ ግማሹ አካባቢ ተቋርጧል። ከሥሩ የነበረው የቀዘቀዘ መሬት እየቀለጠ ተንሸራተተ። ድልድይ ሥራ ስለተጀመረ አውቶቡሱ እስከ የት እንደሚሄድ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት አጣሩ። ልጆቹ ስለ ግግሩ የጠየቁትን ጥያቄ እዚህም ያገኙታል።

አውቶቡሱ ላይ ምግብ አይሸጥም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ይዛችሁ ግቡ። ግን ስትወርዱ ፍርፋሪ አይቅር። ድብ በሶ አይንቅም።

የርቀት ሕጉ፦ ከድብ 275 ሜትር ገደማ። በእግር ስትሄዱ ተጠጋግታችሁ፣ እያወራችሁ ሂዱ፤ ለዚህ እንኳን እኛ ማስተማሪያ አያስፈልገንም። ድብ ካያችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። ሙስ የሚባለው ግዙፉ የአጋዘን ዘር ግን ተቃራኒ ነው፤ ከመጣባችሁ ሩጡ፣ ዛፍ ጀርባ ግቡ። በተለይ ጥጃ ያላት ሙስ አትቀለድም።

መግቢያው አካባቢ የፓርኩ የተንሸራታች ጋሪ ውሾች አሉ። በክረምት ሬንጀሮቹን በእውነት የሚያገለግሉ ናቸው። በሰመር ትርኢቱ በነፃ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ከድቡ ይልቅ እሱን ቢወዱት አትገረሙ።

9. ማታ ማታ

ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱ የቀኑን አንድ ነገር ይናገር፣ አንድ ያልገባውን ይጠይቅ። ያልገባውን አስጎብኚው ጠዋት ይመልሳል። ስብሰባ አታድርጉት፣ ንግግር የሚወድ ሽማግሌ ካለ ሰዓት ያዙበት።

10. አየሩ ቢበላሽ

ይበላሻል። ጀልባው ካልወጣ ሲዋርድ ያለው የአላስካ ሲላይፍ ማዕከል ሂዱ። በ1998 የተከፈተ ነው፣ ገንዘቡም በከፊል የመጣው በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው መርከብ ነዳጅ ካፈሰሰ በኋላ ከተከፈለው ካሣ ነው፤ ለልጆች ጥሩ መነጋገሪያ ይሆናል። አንኮሬጅ ላይ ዝናብ ካገኛችሁ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቅርስ ማዕከል አለ። የዴናሊን ተራራ ጫፍ በተመለከተ ደግሞ ሰዉን ከቤት ሳይወጣ አስጠንቅቁት፦ 6,190 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን 1,600 ሜትር በላይ ይበልጣል፣ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ በደመና ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ጫፉ ካልታየ ገንዘብ መልሱ የሚል አይኑር።