ሞርፊን ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የፋርማሲ መስኮት ጀርባ ነው የምውለው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፤ ፋርማሲስት ነኝ ብዬ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከሰኞ ገበያ በኩል መጡ። ባለቤታቸው ካንሰር አለባቸው። የሞርፊኑን ጠርሙስ ተቀበሉኝና ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ያ ውጭ አገር ሰው የሚያሰናብቱበት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ይሄ የሥቃይ ማስታገሻ ነው፤ አብሽሩ።»

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሁለቱን ነገር ማምታታት። የሰሙት ግን ውሸት አይደለም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ2017 ያወጣችው ሕግ ከሰኔ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በማይድን በሽታ ሞት የተቃረበው አዋቂ ደጋግሞ ጠይቆ፣ በሐኪሞች ታይቶ ከተፈቀደለት ሕይወቱን የሚያበቃበት መድኃኒት ይሰጠዋል። ያውም ከሰፈር ፋርማሲ አይገዛም። ሜልበርን ያለ አንድ የሆስፒታል ፋርማሲ ለግዛቱ በሙሉ ያዘጋጃል። ፋርማሲስቶቹ ቤት ድረስ ሄደው፣ ቁጭ ብለው አስረድተው፣ በሚቆለፍ ሳጥን ያስረክባሉ። እኛ አገር ክልክል ነው፤ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ያስቀጣል። ሞርፊን ሌላ ጉዳይ ነው። በታዘዘለት ልክ የወሰደ ሰው የሚሞተው በበሽታው ነው እንጂ በጠርሙሱ አይደለም።

ጋሼ ግን አላመኑኝም። በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው። «በጣም ሲብስባት እንሰጣታለን ብለን ነው» አሉ። ሴትዮዋ ሦስት ሌሊት ሲያቃስቱ አድረዋል። ይሄ ሁለተኛው ስህተት ነው፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ፈሳሹ ሞርፊን የሚያገለግለው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ሰዓቱ ነው የሚጠበቀው። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ የመኝታው 4። በእኛ ሰዓት ሲዞር ለመያዝም ይቀላል። ሕመምተኛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳይቀሰቀስ ሐኪሙ የመኝታውን መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በራስ ግምት ግን አይሆንም። ሕመም አንዴ ካመለጠ መልሶ መያዙ ከባድ ነው።

የቡና ማንኪያ። እዚህ ላይ አልደራደርም። የቤት ማንኪያ አንዱ ካንዱ አይተካከልም፤ ፈሳሹም ጥንካሬው እንደ ጠርሙሱ ይለያያል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይጠይቁ። እኔ ልኩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አደርግበታለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ «እስከዚህች» ብሎ ይስባል።

የሆድ ድርቀትንም አይርሱ። እንቅልፉና ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ያልፋሉ፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ቢሳኮዲል ወይም ሌላ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ለምን ብለው ይጠይቁ። ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ደግሞ ቀጣዩን አይስጡ፤ ቶሎ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀ እንክብል ከተሰጠዎት አይፍጩት። በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ባንዴ መስጠት ነው የሚሆነው።

ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ልጹም የሚል ሕመምተኛ ካለ አስቀድመው ይንገሩን። ዝም ብሎ የቀኑን መዝለል ሥቃዩን ይመልሰዋል።

የመጨረሻው ስህተት ከለቅሶ በኋላ የሚመጣ ነው። ድንኳኑ ይነሳል፣ እንግዳው ይበተናል፣ የተረፈው ጠርሙስ ቁም ሳጥን ላይ ይረሳል። ከዚያ ጎረቤት ኩላሊቱን ሲያመው «ያ የእማማ መድኃኒት አለ አይደል?» ይባላል። አንዱ የለመደው መጠን ያልለመደውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። የቪክቶሪያው ሕግ ሲወጣ ይሄን አስቦበት ነበር። የተረፈውን መድኃኒት የሚመልስ ሰው አስቀድሞ በስም እንዲታወቅ፣ ከሞቱ በኋላም በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስረክብ አዟል። ከዚያ ሕግ አንድ ነገር ልውሰድ ብባል ይቺን ነበር የምወስደው።

የጋሼ ባለቤት ጥር ላይ አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ጋሼ የተረፈውን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። ስሪንጁም አብሮ ነበር። ቀዩ መስመር ግማሹ ለቋል።

«ብዙ ስለታጠበ ነው» አሉኝ።