ኮስሞስ ቅጠል ብቻ ሲሆንባችሁ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኮስሞስ ሲያዩት የዋህ አበባ ነው። ስምንት ሮዝ መልካበባ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ። አደይ አበባን ለሚያውቅ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ዘሩ ከዚያ ማድሪድ ደርሶ፣ ካቫኒዬስ የሚባል ስፔናዊ የዕጽዋት ሊቅ በ1791 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ኮስሞስ በግሪክ ሥርዓትም ጌጥም ማለት ነው። መደቡ ላይ ሲንጋደድ ላየው ግን ሥርዓቱ የቱ ጋ እንዳለ ግራ ያጋባል።

ዕድሜው አንድ ወቅት ነው። ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘር ይጥላል፣ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ «ለከርሞ ይስተካከላል» አይባልም። ቶሎ መንቃት ነው።

ዘሩ አልበቀለም

አፈሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ሁለት ሳምንት ካለፈ አንዱን ቦታ በጣት ጫር አድርጋችሁ ዘሩን ፈልጉ። እንደተዘራ ደርቆ ካገኛችሁት ውሃ አልደረሰውም። ለስልሶ ከተፈረፈረ ውሃ በዝቶበት በስብሷል፣ ወይም አፈሩ ቀዝቅዞበታል። ጨርሶ ከሌለ ወፍ ቀድማችኋለች። እንደገና ዝሩ፤ ጥልቀቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል።

ቡቃያው በአንድ ሌሊት ወደቀ

አንገቱን እዩ። አፈር የሚነካው ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ ከጠቆረ፣ እርጥበት የሚወድ የአፈር ሻጋታ ነው። የወደቀው አይድንም። ለተረፉት ውሃ ቀንሱ፣ አየር እንዲያገኙም አሳሱ። አንገቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ከሆነ ግን ቆራጭ ትል ነው፤ ቀን ቀን ከቡቃያው ሥር አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ቆፍራችሁ አውጡት።

ቁመት እንጂ አበባ የለም

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳምንት ቁጠሩ። ከተዘራ ስምንት ሳምንት ካልሞላው ችግር የለም፤ እስከ አሥር ሳምንት ጠብቁት። ካለፈ ግን ቅጠሉን ተመልከቱ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ግንዱም እንደ አውራ ጣት የወፈረ ከሆነ ጠግቧል። አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን በዝቷል። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ የሚያሳድግ ምግብ ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ ተክሉ ወደ ላይ መመንደጉን እንጂ ዘር ማፍራቱን አያስብም።

እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት። መደቡን በፍግና በኮምፖስት አጥግቤ ነበር። ኮስሞሱ ከራሴ በላይ ሆነና አንድ እምቡጥ አላሳየኝም። ጠጠር ባነጠፍኩት መተላለፊያ ላይ ግን ማንም ያልዘራው፣ ማንም ውሃ ያላጠጣው አንድ ተክል ጉልበቴ ሳይደርስ አብቦ ቆመ። ተናደድኩ። ግን ትክክሉ እሱ ነበር።

መፍትሄው? ማዳበሪያውን አቁሙ። ፍግም፣ ኮምፖስትም፣ ሌላም። «አበባ ያመጣል» ብላችሁ ሌላ ማዳበሪያ አትደርቡበት። የገባውን ናይትሮጅን ማውጣት አይቻልም፤ ተክሉ ራሱ እስኪጨርሰው መጠበቅ ነው። ውሃውንም ቀንሱ፤ ላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ተክል አይሆነኝም ያለውን ጥግ ለኮስሞስ ስጡት።

ግንዱ ከቀጠነ፣ ቅጠሉም ከሳሳና ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ጥጋብ ሳይሆን ጥላ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ትልቅ ተክል ነቅሎ ማዛወር እምብዛም አይሳካም። የሚያጠላውን ቅርንጫፍ መግረዝ ይሻላል።

ሦስተኛ መንስኤ አለ፤ ሰው የሚዘነጋው። ኮስሞስ ቀን ሲያጥርና ሌሊት ሲረዝም ነው ማበብ የሚያፋጥነው። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች የበጋው ቀን ረጅም ስለሆነ አበባው ይዘገያል። ጃፓኖች ስሙን ሲጽፉ «የመጸው ቼሪ» በሚሉ ሁለት ፊደሎች የሚጽፉት ያለምክንያት አይደለም። በደቡብ አፍሪካም የመንገድ ዳር ኮስሞስ የሚደምቀው በእነሱ መጸው፣ በማርችና በኤፕሪል ነው። እዚያ የገባው ከ1899 እስከ 1902 እ.ኤ.አ. በነበረው የቦር ጦርነት ከፈረስ መኖ ጋር ነው ይባላል። መንገድ ዳሩን ማዳበሪያ የሚያለብሰው እንደሌለ ልብ በሉ! ተክላችሁ ሌሊቱን የሚበራ መብራት ሥር ከቆመም አበባው ሊዘገይ ይችላል። መብራቱን ማጥፋት ወይም መጋረድ ነው።

ተጋድሞ ወደቀ

ብዙ ጊዜ የጥጋቡ ተከታይ ነው፤ ረጅም፣ ውሃ የሞላው ግንድ ነፋስ አይችልም። ለወደቀው ካስማ ተክላችሁ በለስላሳ ጨርቅ እሰሩት። ገና ለሚያድገው ደግሞ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥቡ። ጎን ጎኑን ያወጣል፣ አጠር ይላል፣ አበባውም ይበዛል። መቀንጠብ ለሚያሳዝነው ሰው «ሶናታ» የሚባለው አጭር ዝርያ አለለት። በተክልና በተክል መሃል ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ተዉ።

ሲያብብ ቆይቶ አቆመ

ዘር ይዟል ማለት ነው። ዘር ማፍራት ከጀመረ ለአዲስ እምቡጥ የሚተርፈው አቅም ያንሳል። የጠወለገውን አበባ ከነዘንጉ፣ ቀጥሎ ካለው ቅጠል በላይ ቁረጡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ስንቱ ነው ዘሩን ትቶ እምቡጡን የሚቆርጠው። እምቡጥ ክብና ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ እንደ ትንሽ ቁልፍ። ዘር የያዘው ሾጠጥ ይላል። ከተጠራጠራችሁ ጫን አድርጉት፤ እምቡጥ ጠንከር ይላል።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት

ይህ ሻጋታ እርጥብ ቅጠል እንኳ አይጠይቅም። መጠጋጋትና የታፈነ አየር ይበቃዋል። የተጎዳውን ቅጠል ልቀሙ፣ መሃሉን አሳሱ። በወቅቱ መጨረሻ ላይ ከመጣ ግን እኔ አልደክምበትም፤ ተክሉም ሊሄድ ነው።

ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከሰፈረበት በውሃ ግፊት እጠቡት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገሙት።

አበባው አረንጓዴ ሆነ፣ ተክሉ ቀጨጨ

ይህ ቀልድ የለውም። መልካበባው ሮዝ መሆኑ ቀርቶ አረንጓዴ ቅጠል መሰል ነገር ካወጣ፣ ቅርንጫፉ እንደ መጥረጊያ ከተጠጋጋ፣ ቅጠሉም ከገረጣ፣ ፋይቶፕላዝማ የሚባል ተህዋስ ገብቶበታል። ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምቱት የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጡ፣ ሲነኳቸው የሚፈናጠሩ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው። መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ ንቀሉት። ዙሪያውን ያለውን አረምም አጽዱ፤ በሽታው እዚያም ሊደበቅ ይችላል።

ዘር ሰበሰብኩ፣ ባዶ ሆነ፤ የበቀለውም ቀለሙ ሌላ ነው

አንድ ተክል ብቻውን ከሆነ ባዶ መሆኑ አይግረማችሁ። ኮስሞስ በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም ማለት ይቻላል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ተክል ያስፈልጋል፤ የቀረውን ንብ ትጨርሰዋለች። ዘሩ የሚገኘው ከመሃሉ ቢጫ ክፍል ነው። ሮዝ መልካበባዎቹ መሃን ናቸው፣ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው። ንቧ ደግሞ ከነጩ ወደ ሮዙ ስለምትመላለስ ልጁ ወላጁን ላይመስል ይችላል። አንድ ቀለም ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላውን ቀለም ገና መጀመሪያው አበባ ሲፈነዳ ንቀሉት። ዘሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ማጭድ ሲጎብጥና በጣት ሲነካ ሲረግፍ ደርሷል። በደረቅ ቀን ልቀሙት፣ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት።