በሴመሪንግ ተራራ የጭነትና የመንገደኞች ባቡሮችን እንዴት እንመልከት?

በኦስትሪያ፣ ከቪየና በስተደቡብ ምዕራብ፣ የሴመሪንግ የባቡር መስመር 41 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጫፍና ጫፉ በቀጥታ ቢለካ ግን ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሐዲዱ ተራራውን ፊት ለፊት መውጣት ስለማይችል እየተጠማዘዘ ይዞረዋል። መሐንዲሱ ካርል ፎን ጌጋ ግንባታውን እ.ኤ.አ. በ1848 ሲያስጀምር ያንን ዳገት የሚወጣ ሎኮሞቲቭ (ባቡር የሚጎትት ሞተር) ገና አልተሠራም ነበር፤ መስመሩ በ1854 ተከፈተ።

ለመመልከት በሴመሪንግ ጣቢያ ወርዶ ምልክት የተደረገበትን የእግር መንገድ መከተል ይበቃል። መንገዱ «የሃያ ሺሊንግ እይታ» ወደሚባለው ቦታ ያደርሳል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ የሚታየው ድልድይ በቀድሞው የኦስትሪያ ገንዘብ፣ በ20 ሺሊንግ ኖት ላይ ታትሞ ስለነበር ነው። ካልተ ሪነ የተባለው ይህ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ድልድይ ቁመቱ 46 ሜትር፣ ርዝመቱ 184 ሜትር ነው። ምሳና ወፍራም ልብስ መያዝ አይዘንጋ፤ በበጋም ቢሆን ነፋሱ ይበርዳል።

የመንገደኞች ባቡሮች በጊዜ ሰሌዳቸው ስለሚመጡ ሰዓታቸውን አስቀድሞ ጽፎ መያዝ ይቻላል፤ ከቪየና ወደ ግራዝ የሚሄዱት ቀይ ባቡሮች ድልድዩን ብዙ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ግን ወደዚህ ተራራ የሚያስመጣው የጭነት ባቡር ነው። ሐዲዱ በጣም በሚከብድበት ስፍራ በየ1000 ሜትሩ 28 ሜትር ከፍ ይላል። ለመኪና ይህ ዳገት አይባልም፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ለሚንከባለልበት ረጅም ባቡር ግን ከባድ ፈተና ነው።

የጭነት ባቡር ለተመልካች የሚነገር ሰዓት ስለሌለው በዐይን ሳይሆን በጆሮ ይጠበቃል። ሲወጣ የሞተሩ ማጓራት ከሸለቆው ማዶ ይሰማል፣ ዋሻ ሲገባ ድንገት ይጠፋል፣ ከዚያም ቀረብ ብሎ እንደገና ይነሣል፤ በጠባቡ ጥምዝ ላይ የጎማው ጩኸት ሲታከልበት ካሜራ የሚዘጋጅበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ከባድ ጭነት ሲሆን ከፊት የሚጎትተው ብቻ ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ ይጨመራል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የፊተኛው ካለፈ በኋላ ፉርጎ መቁጠሩ ሰለቸኝና ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትሁ፤ ወዲያው ከዛፎቹ ጀርባ ገፊው ብቅ ሲል ዚፑን እንኳ ከፍቼ አልጨረስሁም። ስለዚህ የመጨረሻው ፉርጎ ታይቶ እስኪያልቅ ከቦታ አለመነሣት ይሻላል።

ፎቶ ፍለጋ ወደ ሐዲዱ መውረድ በፍጹም አይገባም። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 15,000 ቮልት ይሸከማል፤ ቁልቁል የሚመጣ ባቡርም እንደሚወጣው አያጓራም።

ከተራራው ሥር 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አዲስ ዋሻ እየተሠራ ስለሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ አብዛኛው ጭነት በዚያ እንደሚያልፍ ይጠበቃል፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ይመረጣል።

ከእይታው ቦታ በእግር ወደ ብራይተንሽታይን ጣቢያ መውረድና ወደ ሴመሪንግ በባቡር መመለስ ይቻላል፤ በዚያ የሚቆሙት ባቡሮች ጥቂት ስለሆኑ ግን ሰዓቱን ጠዋት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመልሱ ጉዞ ባቡሩ በካልተ ሪነ ላይ ያልፋል፤ ድልድዩ ጥምዝ በመሆኑ ከኋለኛው ፉርጎ መስኮት የተቀመጠ ሰው የራሱን ባቡር ግንባር ቀድሞት ሲታጠፍ ያየዋል።