ግፊት ያለበት ሰው ዓይኑ ድንገት ሲጋረድበት የሚሠራቸው ስህተቶች

የደም ግፊት አለባችሁ እንበል። ድንገት ዓይናችሁ ብዥ አለ፣ ወይ የምታዩት ነገር ግማሹ ጠፋ፣ ወይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታያችሁ። ይሄ የመነጽር ጉዳይ አይደለም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፣ ሰውን ላለማስቸገር ብሎም ነው።

«ትንሽ ልተኛና ይለቀኛል» ማለት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ለሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን ለሚቀበለው ስስ ሽፋን) ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ከተዘጋ ሬቲናው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ የዓይን ስትሮክ የሚባለው እሱ ነው። የአንጎል ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ከሆነም፣ ደም ሥሩ የተዘጋ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ባለው 4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፣ እናንተ ጋደም ስትሉ ያ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። የጀመረበትን ደቂቃ ጻፉት ወይም አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ።

«አያመኝም እኮ» ማለት። ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ምንም ሳያም የሚጠፋ ዓይን አለ። ዓይኑ ቀልቶ በጣም ካመመ፣ ካቅለሸለሸ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታየ ደግሞ ድንገተኛ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት በአንዴ መጨመር) ሊሆን ይችላል፤ እሱም አያሳድርም።

ተመልሶ ሲበራ መተው። አንድ ዓይን መጋረጃ እንደወረደበት ለጥቂት ደቂቃ ይጨልምና ይመለሳል። ሰውየውም «ተመስገን፣ አለፈ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ትልቁ ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አደጋው የሚበረታውም በቀጣዮቹ ቀናት ነው። ዓይኑ ቢመለስም በዚያው ቀን ሂዱ።

መለኪያውን ብቻ ማመን። 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ዓይን ላይ ለውጥ ካለ፣ እስኪወርድ ብላችሁ ደጋግማችሁ አትለኩ፣ አምቡላንስ ጥሩ። ምንም ምልክት ከሌላችሁ ግን አረፍ ብላችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድጋሚ መለካት ይቻላል። ችግሩ ሰው የላይኛው ቁጥር 150 ሲሆን አይቶ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ስትሮክ በዚያም ቁጥር ይመጣል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ከ20 ሳምንት በኋላ፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ፣ 140/90 ራሱ ከራስ ምታት ወይም ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ከማለት ጋር ከመጣ አስቸኳይ ነው። እባካችሁ «የድካም ነው» ብላችሁ አታሳልፉባት።

ኪኒን መደራረብ። ግፊቱ ቶሎ ይውረድ ብሎ ሁለት መዋጥ፣ ወይም የሌላ ሰው መድኃኒት መዋስ። ከፍ ባለ ግፊት የኖረ አንጎልና ዓይን ግፊቱ በአንዴ ሲወርድበት ደም ያጥረዋል። ሐኪም ቤት እንኳ በአብዛኛው በመጀመሪያው ሰዓት ከሩብ በላይ አይቀንሱትም። አስፒሪንም ቢሆን በራሳችሁ አትዋጡ፤ የረጋ ደም ይሁን የፈሰሰ ደም ሲቲ ስካን ሳይነሱ አይታወቅም።

ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ መሞከር። አንዱ ዓይን ሲጠፋ ሌላው ይሸፍንለታል። የግድግዳ ሰዓት እያያችሁ ቀኝ ዓይናችሁን በእጅ ሸፍኑ፣ ከዚያ ግራውን። ለምሳሌ በግራ በኩል ከ7 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች በሁለቱም ዓይን ከጠፉ ነገሩ ያለው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። በአንዱ ብቻ ከሆነ ዓይኑ ወይም የደም ሥሩ ነው። ሁለቱም አስቸኳይ ናቸው፤ ሙከራውም ከአንድ ደቂቃ አይለፍ።

ራሳችሁ አትንዱ። መነጽር ቤት ሄዳችሁም ተራ አትጠብቁ።

የማያጣድፍም አለ። የዓይን ነጩ ላይ ቀይ የደም ነጠብጣብ ታይቶ ካላመመ፣ እይታም ካልተቀየረ፣ ግፊታችሁን ለኩና በቀጠሮ ታዩ። በወራት ቀስ እያለ የመጣ ብዥታም ቀጠሮ ያስፈልገዋል እንጂ ሌሊት አያስሮጥም።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «ዓይኔን አሞኛል» አትበሉ፣ ዓይን ክፍል ሄዳችሁ ተሰለፉ ልትባሉ ትችላላችሁ። «ግፊት አለብኝ፣ ዓይኔ በዚህ ሰዓት ድንገት ጠፋብኝ» በሉ። የምትወስዱትን ኪኒን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጨረሻ የዋጣችሁት መቼ እንደሆነም ንገሯቸው።